ግሩፕ ቢን የገደለው ጉልበቱ ነው ወይስ ደንቡ? 24 መልስ የሄደ ክር

ይህን የኢንተርኔት ክር፣ ማለትም ተከታታይ ውይይት፣ የከፈተው ሰው ሐሳቡን በአራት መስመር ጨርሶታል። በ1980ዎቹ የዓለም ራሊ ሻምፒዮናን የገዛው ግሩፕ ቢ የተባለው የመኪና ምድብ የታገደው ሞተሮቹ ከአሽከርካሪው አቅም በላይ ስለሆኑ ነው፣ ይህን የማያውቅ የለም ብሎ ጀመረ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማስረጃ ብሎም ሦስት ነገር ደረደረ፦ ላንቺያ ዴልታ ኤስ4 1000 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የፊንላንዱ አሽከርካሪ ሄንሪ ቶይቮነን በዚሁ መኪና በፖርቱጋሉ የኢስቶሪል የውድድር ሜዳ ላይ የፎርሙላ ዋን ሰዓት አስመዝግቧል፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ኦዲ ኳትሮን ደግሞ የሚደርስበት አልነበረም። ከዚያ ጥያቄው መጣ። የዛሬዎቹ የራሊ መኪኖች ከእነዚያ ፈጥነው እየሄዱ ለምን አይታገዱም?

ሦስቱ ማስረጃዎች ክሩ ሳያልቅ አንድ በአንድ ፈርሰዋል። ጥያቄው ግን ውሃ የሚያነሳ ስለነበር መልሱ ዘለቀ።

1ኛው መልስ ሰጪ በትህትና ከሥሩ ጀመረ። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት አካል ፊሳ ለ1982 የድሮዎቹን ምድቦች አፍርሶ ኤን፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉትን አወጣ። ለግሩፕ ኤ ፋብሪካው በ12 ተከታታይ ወራት 5000 መኪና መሥራት ነበረበት። ለግሩፕ ቢ 200 ይበቃል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው፤ 200ው ከጸደቀ በኋላ 20 መኪና ብቻ ጨምሮ የተሻሻለ ዓይነት ማስመዝገብ ይቻላል። ሃያ መኪና ማለት ለአንድ ፋብሪካ የአንድ ጥግ ሥራ ነው። ስለዚህ ደንቡ ለመንገድ መኪና ሳይሆን ለውድድር ብቻ ታስቦ የተሠራ መኪናን በሕግ ፈቀደ ማለት ነው ብሎ ቋጨ።

2ኛው ይህን ሁሉ ተቀብሎ ቀኑን ብቻ አረመ። ደንቡ የ1982 ነው፣ ግን በዚያ ዓመት የድሮዎቹ የግሩፕ 4 መኪኖች ገና ይወዳደሩ ነበር። ዋልተር ሮርል የ1982ን የአሽከርካሪዎች ዋንጫ የወሰደው በኦፔል አስኮና 400 ነው፤ ያ የግሩፕ 4 መኪና ነው። ስለዚህ የግሩፕ ቢ ዘመን ስንል በተግባር ከ1983 እስከ 1986፣ አራት ዓመት ነው። አጭር ነች፤ ዝናዋን ለሚያይ ሰው ሃያ ዓመት የቆየች ይመስለዋል።

የክሩ ዋልታ 3ኛው መልስ ነው። ይህ ሰው ስለ አደጋም ስለ ጀግንነትም አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስሌት ብቻ አመጣ። የመኪናው ዝቅተኛ ክብደት የሚወሰነው በሞተሩ ሲሲ (በሲሊንደሮቹ ይዘት) ነው፦ እስከ 2000 ሲሲ 820 ኪሎ፣ እስከ 2500 ሲሲ 890 ኪሎ፣ እስከ 3000 ሲሲ 960 ኪሎ። ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚጭን መሣሪያ፣ ያለው ሞተር ግን ሲሲው በ1.4 ይባዛና ነው ወደ ሰንጠረዡ የሚገባው። እንግዲህ አስሉ አለ። የፔዦ 205 ቲ16 ሞተር 1775 ሲሲ ነው፤ በ1.4 ሲባዛ 2485 ይሆናል፤ ከ2500 በታች ስለሆነ 890 ኪሎ ይበቃዋል። ላንቺያ ኤስ4 1759 ሲሲ፣ ሲባዛ 2462.6፣ እሱም 890። ፎርድ አርኤስ200 ግን 1803 ሲሲ ነው፤ ሲባዛ 2524.2 ይመጣል። በ24 ሲሲ ትርፍ ምክንያት ወደ ላይኛው ምድብ ወጥቶ 960 ኪሎ ተጫነበት፣ ማለትም ከፔዦው 70 ኪሎ ይበልጣል። አንድ ሙሉ ሰው ተጨማሪ አሳፍሮ እንደመወዳደር ነው። የሬኖ 5 ቱርቦ 1397 ሲሲ ሲባዛ 1955.8 ሆኖ ከ2000 በታች ገባ፤ በኋላ ማክሲ የተባለው ወደ 1527 ሲሲ ሲያድግ 2137.8 ሆነ፣ ወደ 890ው ተሻገረ። ይኸው ማክሲ በዣን ራኞቲ መሪነት በፈረንሳይ ደሴት በኮርሲካ የተደረገውን የ1985 ውድድር አሸነፈ፤ የሚነዳውም በኋላ ጎማ ብቻ ነው።

4ኛው መልስ ምስጋናና ጥያቄ ነበር፤ ይህ 1.4 የተባለው ቁጥር ፍትሐዊ ነው ወይ? 5ኛው ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ቁርጥ አደረገው፤ እኔም ክሩን ሳነብ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው ብያለሁ። ቁጥሩ ቱርቦ ጉልበት የሚጨምረው በ40 በመቶ ያህል ነው ብሎ ይነሳል። በ1980ዎቹ የቱርቦ፣ የማቀዝቀዣና የነዳጅ መርጫ ቴክኒክ ሲያድግ ጭማሪው ከዚያ በእጅጉ አለፈ። ለምሳሌ ቱርቦ የሌለው ኤምጂ ሜትሮ 6አር4 በ2991 ሲሲ ቪ6 ሞተሩ ከ400 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ 960 ኪሎ ይሸከማል፤ 1.8 ሊትር ያላቸው ባለ ቱርቦዎቹ ደግሞ በ890 ኪሎ ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ደንቡ ወደ ቱርቦ የሚገፋ ነበር። ማንም መሐንዲስ ሰንጠረዡን አይቶ ሌላ መንገድ ሊመርጥ አይችልም ነበር ይላል። የኔ ትንሽ ተቃውሞ፦ የሜትሮው ሰዎች መርጠዋል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ሳይዘገይ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ፈልገው። ስሌቱ ግን አልራራላቸውም።

6ኛው የኦዲን ቁስል ነካ። የመጀመሪያው ኳትሮ ሞተር 2144 ሲሲ ነበር። በ1.4 ሲባዛ 3001.6። አንድ ነጥብ ስድስት ሲሲ! በቡና ሲኒ እንኳ የማይሰፈር ነገር መኪናውን ከ3000 በላይ ካሉት ምድብ ከተተው። ኦዲ በኋላ ሞተሩን ማሳነስ ነበረበት፤ የመጨረሻው ስፖርት ኳትሮ ኤስ1 2110 ሲሲ ነበር፣ ሲባዛ 2954። ገደቡን ወደኋላ ሲያሰሉት 3000 ለ1.4 ሲካፈል 2142.8 ይሰጣል፤ ስለዚህ ከዚያ ዘመን ሞተሮች ውስጥ 2130ዎቹና 2140ዎቹ ላይ የቆመ ቁጥር ካያችሁ ድንገት የመጣ አይምሰላችሁ አለ።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ከወረቀት ወደ ኮፈን ሥር ወረደ። 7ኛው የቱርቦ መዘግየትን አስረዳ። አሽከርካሪው ለኩርባ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ሲያነሳ የጭሱ ግፊት ይወድቃል፣ በጭስ የሚዞረው ተርባይን ይቀንሳል፣ ከኩርባው ሲወጣ ነዳጁን ቢረግጥም ተርባይኑ እስኪፈጥን ድረስ ሞተሩ ይሞታል፤ ከዚያ ጉልበቱ ባንዴ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም መኪናው አፍንጫው ወደ ዛፉ ዞሮ ሳለ። ላንቺያ ለኤስ4 ሁለቱንም አደረገ። ሞተሩ በራሱ የሚያዞረው ሱፐርቻርጀር ከታችኛው ዙር ጀምሮ አየር ይጭናል፤ ዙሩ ከፍ ሲል ካካካ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራው ትልቁ ቱርቦ ይረከባል። በመሃል አየሩን በሱፐርቻርጀሩ ጎን አሳልፎ የሚለቅ ቫልቭ አለ። ለምን አስፈለገ? ሱፐርቻርጀር የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ስለሆነ በላይኛው ዙር ከሚሰጠው የሚበላው ይበዛል። ቫልቩ ዘግይቶ ከከፈተ ሞተሩ ይታነቃል፣ ቀድሞ ከከፈተ ደግሞ መሃል ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። አየር ሁለቴ ሲታመቅ ሙቀቱ ስለሚያይል ማቀዝቀዣውም ሁለት ነው። በሞተር ክፍሉ ውስጥ የቧንቧ ብዛት ላየ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

8ኛው ሌላ መፍትሔ አለ አለ፤ እግር። ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግር ፍሬን መያዝ። ቀኝ እግር ነዳጁ ላይ እንዳለ የጭሱ ግፊት አይወድቅም፣ ቱርቦው ትኩስ ሆኖ ይጠብቃል፤ ፍሬኑ ደግሞ የፊት ጎማው ላይ ክብደት ጭኖ አፍንጫው እንዲታጠፍ ያደርጋል። ዋጋው ግን አለው። ፍሬኑ ሞተሩን እየታገለ ስለሚሠራ ዲስኩ ይግላል፣ በሌሊት ምዕራፎች (በሰዓት በሚለኩ የመንገድ ክፍሎች) ላይ ከቸርኬው መሃል ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ኦዲ በኤስ1 ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ ተርባይኑ እንዳይቆም አየር መልሶ የሚያዞር ዘዴም ጨምሯል፤ ያ የታወቀው የመተኮስ ድምፅ ከዚያ ነው።

በ9ኛው መልስ ሚዛን ተነሳ። የኦዲው ችግር ጉልበት ሳይሆን ቦታ ነው፤ ባለ አምስት ሲሊንደሩ ረጅም ሞተር ከፊት አክሱሉ ቀድሞ ተንጠልጥሏል። መኪናው ስለዚህ ለመታጠፍ እምቢ ይላል። በ1984 የመጣው ስፖርት ኳትሮ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀቱ ከ2524 ወደ 2204 ሚሊሜትር አጠረ፤ 32 ሳንቲሜትር ተቆረጠ። መታጠፉ ተሻሻለ፣ ግን በቀጥታ መንገድ ላይ የሚቅበጠበጥ መኪና ሆነ። በኤስ1 ላይ ራዲያተርና ባትሪ ሳይቀር ወደ ኋላ ሻንጣ ተወሰዱ። ፔዦ ግን ዣን ቶድት እየመራው ከባዶ ጀመረ፤ ሞተሩ ከወንበሮቹ በስተኋላ በስተቀኝ ተጋድሞ፣ ካምቢዮው በስተግራ። ያ መኪና በ1984 ኮርሲካ ላይ ወጣ፣ በዚያው ዓመት በአሪ ቫታነን እጅ ፊንላንድ ላይ አሸነፈ፣ የ1985ንና የ1986ን የፋብሪካዎች ዋንጫ ወሰደ። የአሽከርካሪዎቹም በ1985 ቲሞ ሳሎነን፣ በ1986 ዩሃ ካንኩነን፣ ሁለቱም በፔዦ።

እዚህ ድረስ ክሩ እንደ ትምህርት ቤት ነበር። ከ10ኛው በኋላ ድምፁ ተለወጠ።

10ኛው የላንቺያ ደጋፊ ነው፣ አይደብቀውምም። ኦዲን የሚደርስበት አልነበረም ለሚለው 1983ን ጠራ። ላንቺያ 037 በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ ቱርቦ የሌለው፣ በሱፐርቻርጀር የሚሠራ ባለ 1995 ሲሲ መኪና ሆኖ የፋብሪካዎቹን ዋንጫ በሁለት ነጥብ ከኦዲ ነጠቀ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ያንን ዋንጫ ወስዶ አያውቅም። ሞንቴ ካርሎ፣ ኮርሲካ፣ አክሮፖሊስ፣ ኒው ዚላንድና ሳንሬሞ የእሱ ናቸው። የአሽከርካሪው ዋንጫ ለኦዲው ሐኑ ሚኮላ መሄዱን አልካደም። ምክንያቱንም በመኪናው አስረዳ፤ ሱፐርቻርጀር መዘግየት የለውም፣ አስፋልት ላይ ቀላል መኪና ፍሬኑን ዘግይቶ ይይዛል፣ ሻንሲው ከፊትና ከኋላ በቧንቧ የተሠራ ስለሆነ የተሰበረ ክፍል ባጭር ጊዜ ይለወጣል።

11ኛው በማሾፍ መጣ፤ የሞንቴ ካርሎው መንገድ ጨው ተነስንሶበት በረዶው ባይቀልጥ ኖሮ እናይ ነበር ብሎ። 12ኛው በዚያው ነፋስ የላንቺያ 037ን የ200 መኪና ቆጠራ ወሬ አመጣ፤ መርማሪዎቹ ግማሹን መኪና በአንድ ግቢ ቆጥረው፣ ምሳ በልተው፣ እነዚያኑ መኪኖች በሌላ ግቢ ቆጠሩ የሚባለውን። 13ኛው በሁለቱም ላይ ተቆጣ። ወሬ ጆሮ ጠገብ ስለሆነ ማስረጃ አይሆንም፤ መኪናው ጸድቋል፣ ተወዳድሯል፣ አሸንፏል፤ የጨውንም ሆነ የምሳውን ነገር ለቡና ላይ ጨዋታ ተዉት አለ። በቁጣው ውስጥ ግን አንድ ቁም ነገር ጣል አደረገ። ወሬው እውነት ይሁንም አይሁን ሰዎች የሚያምኑት 200 መኪና ሠርቶ መሸጥ ለፋብሪካ ከባድ ዕዳ ስለነበር ነው። ዋጋው ውድ፣ ድምፁ የሚያደነቁር፣ ሻንጣ የሌለው መኪና ማን ይገዛል?

14ኛው የከፋቹን ሁለት ማስረጃዎች በአንድ ጊዜ ቀበረ፣ ቋንቋውም ለስላሳ አልነበረም። የ1000 ፈረሱ ቁጥር የመጣው ግፊቱ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ሞተር መሞከሪያ ላይ ተገኘ ከሚባል ወሬ ነው፤ በእንዲህ ያለ ግፊት የሚሠራ 1.8 ሊትር ሞተር ቢገኝ እንኳ አንድ የራሊ ቀን አይውልም። በውድድር ላይ የኤስ4 ጉልበት 450 አካባቢና ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፣ ለ890 ኪሎ መኪና ያ ራሱ ከበቂ በላይ ነው። ኢስቶሪልን በተመለከተ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ተመልከቱ አለ። ቶይቮነን ያረፈው በግንቦት 1986 መጀመሪያ ነው፣ ኢስቶሪል ላይ የሚደረገው የዚያ ዓመት የፖርቱጋል ግራንድ ፕሪ፣ የፎርሙላ ዋኑ ውድድር፣ የተካሄደው በመስከረም ነው። በዚያ ግራንድ ፕሪ ስድስተኛ ሆኖ ይሰለፍ ነበር የሚለው ወሬ ሟችን ከአራት ወር በኋላ ከሚመጣ ሰዓት ጋር ያወዳድራል። የሰዓት መዝገብ ያቀረበም የለም።

ከፋቹ በ15ኛው ላይ ተመልሶ ቅር እንዳለው ገለጸ፤ እኔ ጠየቅሁ እንጂ አልፎከርኩም በሚል መንፈስ። 16ኛው፣ አወያዩ መሆኑ ነው፣ በሁለት መስመር አበረደና ወደ ጥያቄው እንመለስ አለ።

17ኛው በአክብሮት ተመለሰ። ከሌሎቹ በተለየ ቀስ ብሎ ነው የጻፈው። ግንቦት 2 ቀን 1985 አቲሊዮ ቤቴጋ በኮርሲካ ላንቺያ 037ቱን ከዛፍ ጋር አጋጭቶ ሞተ፤ ረዳቱ ማውሪሲዮ ፔሪሲኖት ተረፈ። መጋቢት 5 ቀን 1986 በፖርቱጋል፣ ሲንትራ አጠገብ ላጎዋ አዙል በተባለው ምዕራፍ፣ የዦአኪም ሳንቶስ ፎርድ አርኤስ200 መንገድ ላይ የቆሙ ተመልካቾችን ለመሸሽ ሲል ሕዝብ ውስጥ ገባ፤ ሦስት ሰው ሞተ፣ ከ30 በላይ ቆሰለ። የፋብሪካ ቡድኖቹ አሽከርካሪዎች በዚያው ውድድሩን ተዉ። ግንቦት 2 ቀን 1986፣ ቤቴጋ በሞተ ልክ በዓመቱ፣ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ከኮርቴ ወደ ታቬርና በሚወስደው 18ኛ ምዕራፍ በግራ ኩርባ ላይ መከለያ ከሌለው መንገድ ወጥተው ገደል ገቡ። መኪናው ተቃጥሎ ከቧንቧ አጽሙ በቀር የቀረ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገድ ለምን እንደሳተ እስከዛሬ አልታወቀም። የቤቴጋም የቶይቮነንም መኪና ቁጥር 4 ነበር። በዚያው ግንቦት መጨረሻ በጀርመን ሄሰን ራሊ ማርክ ሱረር በአርኤስ200 ተጋጭቶ ረዳቱ ሚሼል ዊደር ሞተ።

18ኛው ለምን ተቃጠለ በሚለው ላይ ቆመ፤ ከዚህ ክር ቁጥር ለቆ አንድ ነገር የሚይዝ ሰው ቢኖር ይህንን ይያዝ እላለሁ። በኤስ4 የነዳጅ ታንኮቹ ከወንበሮቹ ሥር ነበሩ፣ ክብደቱን ዝቅ ለማድረግና መሃል ለማምጣት። ለሚዛን የሚመረጥ ቦታ ነው፤ ለሰው አይመረጥም። በፒስታ ውድድሮች ላይ ከሥር ወፍራም መከላከያ ሳህን ይታሰራል፤ አስፋልት በሆነው ኮርሲካ ክብደት ለመቀነስ አይታሰርም። መኪናው ገደል ገብቶ ዛፍና ድንጋይ ከሥር ሲወጋው ታንኩ ይቀደዳል፣ ነዳጁ ጥቂት ሳንቲሜትር ርቆ ባለው የጋለ ቱርቦ ላይ ይፈሳል፣ አካሉ ደግሞ ፕላስቲክና ኬቭላር ስለሆነ እሳቱን ይመግባል። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ የፈረስ ጉልበት የሚባል ነገር የለም አለ። 300 ጉልበት ያለው መኪናም በዚያው ገደል ገብቶ በዚያው ታንክ ይቃጠላል።

19ኛው ከዚያ ተነስቶ ከፋቹን በቀጥታ መለሰ። ዛሬ የማይታገዱት መኪኖቹ ስለደከሙ አይደለም። ሕዝቡ ከመንገድ ወጣ፣ ታንኩ ከሰው ራቀ፣ የደኅንነት ክፈፉ ብረት ሆነ፣ አሞርዛተሩ ጉድጓዱን የሚውጥ ሆነ። በ1986 ግን የፊሳው ፕሬዚዳንት ዣን ማሪ ባሌስትር ከኮርሲካው አደጋ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ማሻሻያዎችን ሁሉ አገዱ፣ ግሩፕ ቢ በ1987 እንደማይኖር አወጁ። በ10 መኪናና በ300 የፈረስ ጉልበት ገደብ ሊተካው ታስቦ የነበረውን ግሩፕ ኤስንም አብረው ሠረዙ። ላንቺያ ኢሲቪ የተባለውን መኪና ለዚያ ሲያዘጋጅ ነበር። በሌሊት ወደ ግሩፕ ኤ፣ ወደ 5000ው ተገባ፤ ተስማሚ መኪና በእጁ የነበረው ላንቺያ ከ1987 እስከ 1992 ስድስት የፋብሪካዎች ዋንጫ ተከታትሎ ወሰደ።

20ኛው ግን አልተዋጠለትም፤ የክሩ ስለታሙ መልስ የእሱ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለውን ተረት ገልብጦ፣ ገደሉ ጫፍ ያደረሰውስ ማን ሆነና ነው አለ። ጉልበቱ ተራ ቢሆን ኖሮ ኩርባው ላይ በዚያ ፍጥነት አይደረስም፤ ታንኩንና ሕዝቡን ብቻ እየከሰሱ ቱርቦውን ነፃ ማውጣት አድሎ ነው። 18ኛውንም 19ኛውንም በስም ባይሆን በቁጥር ጠርቶ ወረፈ። እኔ ከ18ኛው ጋር ነኝ፤ ግን 20ኛውን ዝም ለማሰኘት የሞከረ ሁሉ እንዳልተሳካለት መናገር አለብኝ።

21ኛው ምናልባት ሆን ብሎ ነገሩን ወደ ጎረቤት ኬንያ ወሰደው። በሳፋሪ ራሊ ላይ በአራቱም ጎማ ለሚነዱት ጀግኖች አልሆነላቸውም። የ1984፣ የ1985ና የ1986 ሳፋሪ የቶዮታ ሴሊካ ቱርቦ ነው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቢዮርን ቫልደጎርድ፣ በመሃሉ ካንኩነን። ሞተሩ 2090 ሲሲ፣ በ1.4 ሲባዛ 2926፣ የሚነዳውም በኋላ ጎማ ብቻ። አቧራው ማጣሪያውን ሲደፍን፣ ጉድጓዱ እግሩን ሲቀጠቅጥ፣ የሚሰበር ዕቃ ያነሰው ያሸንፋል፤ የፊት አክሱል ሻፍት የሌለው መኪና የፊት አክሱል ሻፍት አይሰበርበትም። ላንቺያ ራሱ በ1986 ወደዚያ የላከው አሮጌውን 037 ነው፣ ኤስ4ን አይደለም፤ ማርኩ አለን ሦስተኛ ወጣ።

22ኛው ከእገዳው በኋላ የት ሄዱ የሚለውን ጨመረ። ፔዦ 205 ወደ ዳካር የበረሃ ውድድር ሄዶ 1987ንና 1988ን አሸነፈ። ሮርል በ1987 ኤስ1ን ይዞ አሜሪካ ውስጥ ያለውን የፓይክስ ፒክ ተራራ በ10 ደቂቃ ከ47.85 ሰከንድ ወጣ። አርኤስ200 በአውሮፓ ራሊክሮስ (በአጭር ዝግ ሜዳ በሚደረገው ውድድር) እስከ 1992 ሲሮጥ ማርቲን ሻንከ በ1991 ሻምፒዮን ሆነበት። የሜትሮው ቪ6 ደግሞ ተሸጦ፣ ቱርቦ ተገጥሞለት፣ በጃጓር ኤክስጄ220 ኮፈን ሥር ተነሣ፤ ቱርቦ አልፈልግም ብሎ የተወለደ ሞተር። ለግሩፕ ቢ ታስቦ አንድም ራሊ ያልገባው ፌራሪ 288 ጂቲኦም እዚሁ ተጠቀሰ።

23ኛው ገበያ ነክ ነው፤ አስመስለው የተሠሩ መኪኖችን እንዴት እንለይ? ቀለምና ጽሑፍ ትታችሁ ሜትር ያዙ አለ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት በሁለቱም ጎን ለኩ። እውነተኛ 205 ቲ16 2540 ሚሊሜትር ነው፤ ተራው 205 2420 ነው። እውነተኛ ስፖርት ኳትሮ 2204፣ ተራው 2524። ሁለቱ ጎኖች በግልጽ ከተለያዩ ሻንሲው ተመትቶ የታረመ ነው። ከዚያ የነዳጅ ከረጢቱን ማህተም እዩ፤ ኤፍቲ3 የተባለው የደኅንነት ደረጃ ያላቸው ከረጢቶች ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመት ነው የሚያገለግሉት፣ አምራቹ መርምሮ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይጨምራል። ቀኑ ያለፈ ከረጢት ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው የነዳጅ ማጣሪያውን ይዘጋል፣ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር ላይ ነዳጅ ያጥረዋል፤ በቱርቦ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ማጠር ማለት የተበሳ ፒስተን ማለት ነው።

በመጨረሻ ከፋቹ ተመለሰ። ቁጣው በርዶለት፣ 3ኛውን አመስግኖ፣ ራሱ ያሰላውን አንድ መኪና ይዞ መጣ፤ ሲትሮዌን ቢኤክስ 4ቲሲ። ሞተሩ ከ2155 ሲሲ ወደ 2141.5 ለምን እንደወረደ አሁን እንደገባው ጻፈ። 2155 በ1.4 ሲባዛ 3017፣ 2141.5 ሲባዛ ግን 2998.1። ስሌቱ ትክክል ነው። መኪናው በ1986 ሦስት የዓለም ራሊ ሮጦ የተሻለው ውጤት ስዊድን ላይ ስድስተኛ መውጣት ሆነ፤ ፋብሪካውም ከሸጣቸው ብዙዎቹን መልሶ ገዝቶ ቆራርጦ ጣላቸው። 24ኛው መልስ ይህ ነው፣ ከዚያ በታች የጻፈ የለም።